እናቴ መድረክ ላይ የወጣችበት ኅዳር

የሩዝ ገለባ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ፎገራ ያላደገ ሰው አያውቀውም። ጭሱ እንደ እንጨት ጭስ ዓይን አያቃጥልም፤ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ወረታ ሄጄ ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ጀርባ ሳልፍ ያ ጭስ አገኘኝ። እሱ ብቻ ቢሆን ችዬው ባለፍኩ። አንድ ሰውዬ ግን እዚያው አጠገብ የቆርቆሮ አጥር በዘይት ቀለም ይቀባ ነበር። ጭሱና ቀለሙ ተቀላቅለው ሲመጡብኝ መንገድ መሀል ቆሜ ፊቴ ጋለ። ሰው ያየኝ ይመስል ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግኩ። ማንም አላየኝም፤ ባጃጅ ብቻ ጥሩንባ ነፋብኝ። የዘይት ቀለሙ የትምህርት ቤታችን መድረክ ሽታ ነው፤ ጭሱ ደግሞ የዚያ ኅዳር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ገና ልጅ ሆኜ ያፈርኩት እፍረት አብሯቸው ይመጣል።

እናቴ እናኑ አልቃሽ ነበረች። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ አልቃሽ ማለት ለቅሶ ቤት ተጠርታ የሟቹን ስም፣ ሙያውን፣ ደግነቱን እያነሳች ሙሾ የምታወርድ፣ ሌላውን የምታስለቅስ ሴት ናት። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ሰው ሲሞት "እናኑን ጥሯት" ይባል ነበር። ሊጠራት የመጣውን ሰው ደጃፍ ላይ አቁማ ትጠይቀዋለች። ስሙ ማን ነበር? በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ማንን ትቶ ሄደ? መልሱን ሰምታ ጥቁር ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ከዚያ ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ውሃ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች።

እኔ ያን ውሃ ነበር የምከታተለው። እንባዋ ከሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ብዙ የጠጣች ቀን ብዙ የምታለቅስ፣ ትንሽ የጠጣች ቀን ትንሽ። የእንስራው ውሃ ጎደል ሲል ሰው እንዳይሞት እሰጋ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የቤታችን ምስጢር ነው ብዬ አምኜ ነበርና።

አባቴ አያሌው በግንቦት ሞተ። ጉበት ነው አሉ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ወስደውት ነበር፤ ሬሳው በመኪና ተመለሰ። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እናቴን ነበር። ለባዕድ እንዲያ የምታወርድ ሴት ለባሏማ ምን ትል ይሆን ብለው ከሩቅ የመጡም ነበሩ። እናቴ ግን ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘዋት ቆመች፤ ቃል አልወጣትም። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ፊቷን ከሰው አዙራ የጎተራውን ጭቃ ታይ ነበር። ሌሎች ሴቶች ጀመሩላትና እሷ ትቀበላለች ብለው ጠበቁ። አልተቀበለችም።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ። ጠዋት ውሃ አልጠጣችም። በሰው እግር መሀል እየተሽሎከለኩ ሄጄ በጣሳ ውሃ አመጣሁላት። ቁልቁል አየችኝ፤ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አሁን ይመጣል ብዬ ፊቷን ሽቅብ እያየሁ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ሳጥኑ ተነሳ፤ እሷ እንደዚያው እንደቆመች ወሰዷት።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ቦኖ ውሃ ተራ ስንጠብቅ ሁሉ ይሰማ ነበር። "የእናኑ እንባ ካልጠሩት አይመጣም" አለች አንዷ። "ለሰው ቲያትር ስትሠራ ኖራ የራሷ ሲደርስ አለቀባት" አለች ሌላዋ፤ እኔ እዚያው ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ። አፈርኩ። ከአባቴ ሞት ሐዘን ይልቅ የእናቴ አለማልቀስ እፍረት ይከብደኝ ነበር። ማታ ማታ እሷ ኩራዙን ስትለኩስ ፊቷን አያለሁ፤ አንዲት ዘለላ ብትወርድ ነገ ቦኖው ጋ ሄጄ "አየኋት፣ አልቅሳለች" እላቸው ነበር።

ክረምቱ አለፈ። የርብ ወንዝ ውሃ እንደ ልማዱ ሜዳውን አልብሶ ተመለሰ፤ አባቴ የዘራው ሩዝ አጎቴ እያረመው ቆመ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን ከአዲስ አበባ አዲስ የአማርኛ አስተማሪ መጣ። መምህር ኤርሚያስ ይባላል፤ ቀጭን ነው፤ በሙቀቱም ቀን አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። የድራማ ክበብ አቋቋመ። እኔም ገባሁ፤ ተዋናይ ልሁን ብዬ ሳይሆን ክበቡ ያለባቸው ቀናት ከቦኖው ስለሚያድኑኝ ነው።

መምህር ኤርሚያስ ሲያስረዳ እጁ አያርፍም። "ቲያትር ላይ ትልቅ ሁኑ" ይለናል፤ "ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዲያያችሁ። ፊልም ላይ ትንሽ ሁኑ፤ ካሜራው አፍንጫችሁ ሥር ስለሚመጣ የዐይን ሽፋሽፍት እንኳ ይበቃል። ስዕልስ? ስዕል ውስጥ ያለው ሰው እንደምታዩት ያውቃል ወይስ አያውቅም? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ እዩና ንገሩኝ።"

ሄጄ አየሁ። ጻድቃኑና መላእክቱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩት። ይሁዳና ገራፊዎቹ ደግሞ በጎን ተስለዋል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ሰኞ ዕለት እጄን አውጥቼ "ጥሩዎቹ እንደምናያቸው ያውቃሉ፣ መጥፎዎቹ አያውቁም" አልኩ። መምህር ኤርሚያስ ጠረጴዛውን መታ። "ጎበዝ! ቲያትራዊነት የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው። እየታየሁ ነው ብሎ ማወቅ። ቲያትር ላይ ያለ ነው፣ ፊልም ላይ ያለ ነው፣ ግድግዳ ላይ በቀለም ያለ ነው።" ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ በጎኗ ተቀምጣ ሩዝ ታበጥር ነበር። ከቆምኩበት የሚታየኝ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። አባቴ የተቀበረ ዕለት ፊቷን ወደ ጎተራው አዙራ የቆመችው ትዝ አለኝ። ሁለቱም ዓይኖቿ እስኪታዩኝ ድረስ ዞሬ ሄጄ ከፊቷ ቆምኩ። "ምን ሁነሽ ነው?" አለችኝ። ሆዴን አመመኝ አልኳት። "ቲያትር አትሥሪብኝ፣ ግቢና ውሃ ቅጂ" አለች።

በጥቅምት ጎረቤታችን እታገኝ ጠራችን። አባቷ የሞቱት ከዓመት በፊት ነው። ያኔ ለቅሶውን ጌታሁን የሚባለው የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ቀርጾት ነበር፤ ቤሩት ላለች እህቷ እንዲላክላት። አሁን ቴሌቪዥን ገዝታለችና የአባቷን ለቅሶ ልታይ ነው። ተሰብስበን ተቀመጥን። ምስሉ ላይ እናቴ መጣች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሮ፣ እንባዋ አገጯ ድረስ እየወረደ። ሴቶቹ "ወይ እናኑ" እያሉ እንደ አዲስ አለቀሱ።

እናቴ የራሷን ፊት እንዲህ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ አላመነችም። "እኔ እንዲህ ነኝ?" አለች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ ሙሾውን እያወረደች፣ ምስሉ ላይ ያለችው እናቴ ቀና ብላ በቀጥታ ወደ ካሜራው አየችና እጇን ከፍ አደረገች። ጌታሁን እንዲህ ሁኚ ብሏት ይሁን ራሷ አስባው አላውቅም። ማንም ልብ አላለውም። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ጎትታ እስኪያልቅ ድረስ አላነሳችውም።

ወደ ቤት ስንመለስ "አየሽኝ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሰውየው ሞቶ እኔ ካሜራውን እንደ መስታወት ሳይ።"

 እናቴም እንደ እኔ እንደምታፍር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሲጠሯት አሞኛል ማለት ጀመረች፤ ወሬውም ባሰ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን ድራማ ያዘጋጅ ነበር። ታሪኩ ጎርፍ ልጇን ስለወሰደባት እናት ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተሠራ ትልቅ መጋረጃ ላይ አንድ የታፔላ ሠዓሊ ጎጆ ቤት በዘይት ቀለም ሣለልን፤ ሽታው ክፍላችን ድረስ ይመጣ ነበር። እናትየዋን የምትጫወተው ሰላም የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ለቅሶው ጋ ስትደርስ "እህህህ" ትላለች፤ እኛ እንስቃለን። መምህር ኤርሚያስ ፀጉሩን ይነጫል። አንድ ቀን ከመሀላችን አንዱ "የብርቱካን እናት እኮ አልቃሽ ናት" አለ። ብርቱካን እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህር ኤርሚያስ ግን እንጀራ እንዳገኘ ሰው ደስ አለው።

በማግስቱ ቤታችን መጣ። እናቴ በርጩማውን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ አስቀመጠችው።

"እትዬ እናኑ፣ ላስቸግርዎት ነው። ተማሪዎቹን ለቅሶ ቢያለማምዱልን።"

እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ማንም አልሞተም። ለቲያትር ነው።"

"ማንም ካልሞተማ ምን ብየ አለቅሳለሁ?"

መምህር ኤርሚያስ አስረዳት፤ እጁ እንደ ልማዱ አላረፈም። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው፤ አስተማሪ ነውና። ጨርሶ ሲያበቃ "ማለማመድ አልችልም። ይኼ የሚለመድ አይደለም" አለች። እሱም "እንግዲያው ራስዎ ይውጡልን፤ ትንሽ ብቻ። ለልጅዎም ኩራት ነው" አላት። እናቴ ዞራ አየችኝ። "ትኮሪያለሽ?" አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅኩ። በልቤ የነበረው ግን ኩራት አልነበረም። ያ ሁሉ የቦኖ ሰው በወላጆች ቀን ይመጣል። እናቴ እዚያ ፊታቸው ብታለቅስ፣ እንባ እንዳላት ያያሉ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ጀሪካኔን ይዤ ቀና ብዬ እቆማለሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እታገኝ ሰምታ ሮጣ መጣች። "አብደሻል? ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። የማንን ልጅ ልትጠሪ ነው?"

"ያልሞተ ሰው አልጠራም" አለች እናቴ። "ከሞቱት ነው የምጠራው።" እታገኝ አማተበችና ወጣች። እኔ ማንን እንደምትጠራ አልጠየቅኳትም።

የወላጆች ቀን በኅዳር ማለቂያ ላይ ነበር። ሩዙ እየታጨደ፣ ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ ገለባው እየነደደ። ሜዳው ላይ ከፊት ወንበር ተደረደረ፤ ርዕሰ መምህሩና ከወረዳ የመጡ እንግዶች ተቀመጡበት። ከኋላ እናቶች መሬት ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው፣ የቦኖውም ሴቶች አብረው። ጌታሁን ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሟል። እኔ ከመድረኩ ሥር ካሉት ተማሪዎች ጋር ነበርኩ፤ እናቴ ከምትቆምበት አንድ ክንድ አይርቅም።

ድራማው ተጀመረ። ጎርፉ መጣ፤ ስሜነህ የሚባለው ልጅ ሞተና ጋቢ ለብሶ መድረኩ መሀል ተጋደመ። ከዚያ እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ሬሳው ጋ ስትደርስ ቆመች። አልጀመረችም።  ከመጋረጃው ጀርባ መምህር ኤርሚያስ "ይጀምሩ፣ ይጀምሩ" ሲል ተሰማ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጋቢውን ከስሜነህ ላይ ገለጠች።

"የማን ልጅ ነህ?" አለችው።

"የጎሼ" አለ ስሜነህ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እናቴ ግን አልሳቀችም። "ተነስ ልጄ፣ እዚህ አትተኛ። እናትህ እዚያ ተቀምጣ እያየችህ ነው" አለችና በእጁ ይዛ አስነሳችው፤ ጋቢውንም ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለት ሸኘችው። ሳቁ ባሰ። ከወረዳ ከመጡት አንዱ ከሳቅ ብዛት ዓይናቸውን በመሀረብ ጠረጉ። አጠገቤ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጉልበቴ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ አልቃሿ ማልቀስ አቃታት ይባላል፤ ቦኖው ጋ ከነገ ጀምሮ እንዴት እቆማለሁ?

ቀና ስል እናቴ ባዶው መድረክ ላይ ብቻዋን ነበረች። መምህር ኤርሚያስ ሁልጊዜ የሚለምነን ፊታችሁን ለተመልካች ስጡ እያለ ነው። እሷ ለሁላችንም ጀርባዋን ሰጠችን። ወደተሳለው ጎጆ ዞረች። ከዚያ በዝግታ፣ ሰው እንደሚጠራ አድርጋ፣ "አያሌው" አለች።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም። ከፊት የነበሩት አያሌው የድራማው ሰው መስሏቸዋል። ከኋላ ያሉት ግን ዝም አሉ።

"ሩዙ ደረሰልህ ጎንበስ ጎንበስ አለ፣
ማጭድህ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ።"

ድምጿን አላውቀውም ነበር። ለቅሶ ቤት የምታወጣው ትልቁ ድምፅ አይደለም፤ እኔ እንኳ በቅርብ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ነበር የምሰማው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊቷን ማንም አላየውም፤ ካሜራውም ቢሆን።

"ለሰው ሁሉ አልቅሼ እንባዬን ጨርሼ፣
ላንተስ ምን ላፍስስልህ ከማንስ ተውሼ።"

ከኋላ አንዲት ሴት "እህ" አለችና ተነሳች። ከቦኖው ሴቶች አንዷ ናት፤ እንባ ካልጠሩት አይመጣም ያለችው ራሷ። ሌላዋም ተነሳች። ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ለእኔ አባቴ የሞተው ያን ጊዜ ነው። በግንቦት ሲቀበር የውሃ ጣሳ ይዤ እሯሯጥ ስለነበር አልሞተልኝም ነበር። አፌን ከፍቼ ልጮህ ስል ከፊት ጭብጨባ ተሰማ።

ርዕሰ መምህሩ ናቸው የጀመሩት። እንግዶቹ ተከተሉ፤ መምህር ኤርሚያስ ከመጋረጃው ወጥቶ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል፤ ተማሪው ሁሉ ያፏጫል። ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩት ሴቶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ እርስ በርስ ተያዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ። እናቴ አቋረጠች። ከጀርባዋ ምን እንደተፈጠረ ለማየት ዞረች፤ ፊቷ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነበር። ያን ፊት ለማየት ስንት ወር ጠብቄ ነበር። ሲመጣ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንዲያ ሆና መታየት አልነበረባትም።

ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ወጡ። "የዛሬዋ ኮከብ ተዋናያችን!" አሉና በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ፔርሙስ ሰጧት። እናቴ የሰው ስጦታ ነውና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። "እንዴት ቻሉበት? ምን ተሰማዎት?" ብለው ማጉያውን አፏ ጋ አደረጉላት። ጌታሁን ከወዲያ "እትዬ፣ ወደዚህ ይዩልኝ፤ ፈገግ ይበሉ" አለ። እናቴ ሰውን አየች፤ ከዚያ ቁልቁል እኔን አየች።

"ደስ ብሎኛል" አለች፤ ፈገግም አለች።

ወርዳ አጠገቤ ተማሪዎቹ መሀል ተቀመጠች። ፔርሙሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ለምንድን ነው ያጨበጨቡት?"

"ወደውት ነው እምዬ።"

"ምኑን?"

የፔርሙሱን ወረቀት ነካካሁ። አላስጨነቀችኝም። ቀጥሎ የአንደኛ ክፍል ልጆች ጭፈራ ነበር፤ ትንንሾቹ ወጥተው እስክስታ ወረዱ። ሲጨርሱ ሰው አጨበጨበ። እናቴ ግራና ቀኟን አየች፤ ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠችና እሷም ከሰው እኩል አጨበጨበች።